ሁለተኛው ግንድ

ሪሃና ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ የመረቡን አንድ ጫፍ ይዛ ኩሬው ውስጥ ገባች። ሌላውን ጫፍ ባሏ ዓሊዪ ዳር ቆሞ ይዞታል። ውሃው ጉልበቷን አለፈ። አንድም ዓሣ አልዘለለም።

"ዛሬም ቢላህን እዚህ አጥበሃል" አለች ዞር ሳትል። "የቆሰለ ዓሣ ሽታ ሲደርሳቸው እንደሚደበቁ ስንቴ ልንገርህ?"

"ወላሂ አላጠብኩም።"

"ወላሂህን ተወው አቦ። ጽጌ ኤረር በር ምግብ ቤቷን ከፍታ ዓሣ እየጠበቀች ነው።"

እውነቱን ነበር። ግን የዓሊዪን እውነት ማን ያምናል? ጅብ ጋልቤ ሐኪም ጋራን ወጣሁ ብሎ የድሬ ጠያራን መንደር ያሳቀ ሰው ነው። አምና ሌባ ዓሣውን እንዳይነካበት ኩሬው ውስጥ አዞ ገባ ብሎ አስወራ። ወሬው እንዲያምርለት ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ ግንድ ጎትቶ አምጥቶ ሸምበቆው ሥር አጋደመ። ግንዱ ጭቃ ለበሰና አዞ ሆኖ አረፈው። ሪሃና ራሷ ሰንብታ ነው ነገሩን የደረሰችበት፤ ያን ቀን በጫማ አባረረችው።

ዓሊዪ ጎንበስ አለ። ባለፈው ሳምንት የኤረር ወንዝ ሞልቶ ኩሬውን ካጥለቀለቀ ወዲህ ዓሦቹ ጥልቁን ትተዋል። ሁሉም ዳር ሣሩ ሥር ተጠጋግተው፣ ጀርባቸው ጭቃ መስሎ፣ ክንፋቸውን እንኳ አያነቃንቁም። የሸተታቸው የቢላ እጣቢ አይደለም።

ቀና ብሎ ግንዱን ፈለገ። እዚያው ሸምበቆው ሥር ነው። ከእሱ ወዲህ፣ ወደ ሪሃና ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ግንድ አለ።

እሱ ያጋደመው አንድ ብቻ ነው።

"ሪሃና፣ ውጪ።"

"ምነው፣ አዞህ መጣ?"

"መጣ።"

ሳቀች። "እንግዲያው ሰላምታህን አደርስልሃለሁ" ብላ አንድ እርምጃ ጨመረች።

ነፋስ የለም። ሁለተኛው ግንድ ግን ከቅድሙ ቀርቧል።

ቢጮህ ትስቃለች። ቢምል የባሰ ትስቃለች። ዘሎ ቢገባ እየሳቀች ወደ መሃል ትሸሸዋለች። ዓሊዪ ቢላውን መዘዘና ጥጃ ሸጠው የገዙትን መረብ ከእጁ ሥር ሸረከተው።

የሪሃና ሳቅ ቆመ። "አንተ ሰው፣ የልጆቼን ጉሮሮ ነው የምትቆርጠው?"

የያዘችውን ጫፍ ጥላ፣ ውሃውን እየረገጠች፣ ምላሱንና ዘሩን እየረገመች ወደ እሱ መጣች።

ዓሊዪ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል፣ ይዛው እንዳትመለስ መረቡን መሃል ለመሃል ይተለትለው ጀመር።