ጥቁር አይቆጠርም

፩

"ጥቁር አይቆጠርም!" አለ ሚልክያስ።

ሰው ሁሉ ወደ ትርሲት ዞረ።

፪

ኧረ ቆይ፣ ከመሃል ጀመርኩባችሁ።

ትርሲት ሕንፃ በሚነድፍ የውጭ ድርጅት ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ሚልክያስ ባልደረባዋ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ አፉ ይቀድመዋል እንጂ። አለቃቸው ከባሕር ማዶ የመጣች ሴት ናት። ቅዳሜ ከሰዓት የሃሎዊን ግብዣ አለ፣ ሠራተኛ ሁሉ በሌላው ቀን ያልሆነውን ሆኖ፣ ለብሶ ይምጣ ብላለች።

ሃሎዊን ምንድን ነው? ለጽዳት ሠራተኛዋ ለእትዬ ማንያህልሻል ያስረዷቸው "የፈረንጅ ቡሄ ነው" ብለው ነው።

"ቡሄማ የልጅ ነው" አሉ እትዬ ማንያህልሻል። "ይኼን ሁሉ ባለትዳር ምን ነካው?"



፫

ለአዋቂ የሚሆን የሃሎዊን ልብስ አዲስ አበባ ውስጥ እንዴት ይገኛል?

መጀመሪያ የሠርግና የምረቃ ልብስ ከሚያከራዩት ዘንድ ሂዱ። ካባ አይጠፋም። ካባውን ደርባችሁ ንጉሥ ነኝ በሉ፤ ግብዣው ላይ ሌሎች ብዙ ነገሥታት እንደሚጠብቋችሁ ግን እወቁ።

እሱ ካልሆነ ልባሽ ጨርቅ ተራ ግቡ። ከክምሩ ሥር ባለቤቱ የማይታወቅ የፀጉር ኮት ይገኛል። ለብሳችሁ ጅብ ሁኑ።

ነጭ አንሶላ ካላችሁ ሁለት ቀዳዳ አውጡለትና ሙት መንፈስ ናችሁ። አንሶላው የእናታችሁ ከሆነ ግን ስትመለሱ ሙት መንፈስነቱ የእውነት ይሆናል።

የጎረቤታችሁን የፖሊስ ዩኒፎርም አትዋሱ። ለምን አትበሉኝ።

ጥቁር ቀሚስ ካላችሁ ደግሞ ሾጣጣ ቆብ ድፉበት፤ ጠንቋይ ናችሁ። በፈረንጅ ዘንድ ጠንቋይ ማለት ጥቁር ለባሽ ሴትዮ ናት አሉ።

፬

ይህን የመጨረሻውን ነው ፌቨን፣ የጸሐፊነቱን ሥራ የምትሠራዋ ልጅ፣ ለትርሲት የነገረቻት።

ፌቨን፦ አንቺማ ምን ቸገረሽ! ቆብ ብቻ ነው የሚጎድልሽ።

ሚልክያስ፦ ጥቁር አይቆጠርም! በየቀኑ ትለብሰው የለ እንዴ? ያልሆነችውን ነው እኮ የተባለው።

(ሚልክያስ ምን እንዳለ ገና አሁን ገባው።)

ትርሲት፦ (እየሳቀች) እውነቱን ነው።

ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር።

፭

ጥቁር።

ባሏ ልዑልሰገድ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በደንቡ ባል የሞተባት ሴት ጥቁር ለብሳ ዓመት ትቀመጣለች፤ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ዘመድ መጥቶ "ይብቃሽ ልጄ" ብሎ ያስወልቃታል። ራሷ አታወልቅም። ራሷ ያወለቀች እንደሆነ "አፈሩ ሳይደርቅ" ትባላለች፤ አፈሩ ከደረቀ ስንት ክረምት ቢያልፍም ትባላለች።

በሙት ዓመቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ አንዲት አክስት "ይኼ ጥቁር እስከ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ትርሲት ምን ብትል ጥሩ ነው? "እኔስ እስክሞት ነው!"

አስባው አይደለም። አማቷ እማማ አሰገደች አጠገቧ ተቀምጠው ስለነበር ነው። የወለዱት እናት እየሰሙ "አሁንማ ላውልቅ" ይባላል እንዴ?

ተባለና ቀረ። ጎረቤት "ሚስት ማለት እንዲህ ነው" አለ። እማማ አሰገደችም ዝም አሉ፣ እሳቸውም ጥቁራቸውን እንደለበሱ ናቸው። ትርሲት ግን ጠዋት ጠዋት ቁም ሳጥኗን ስትከፍት እንባዋ ይመጣል። በልዑልሰገድ አይደለም፤ እሱን ማታ ነው የምታለቅሰው። ጠዋት የምታለቅሰው በጥቁሩ ነው። ታክቷታል፣ ሌላ ምንም የለውም። ግን ለማን ይነገራል?

፮

ልብስ አከራይ ቤት፣ ከሥራ መልስ።

"የመነኩሲት አለን" አለ ባለሱቁ።

ጥቁር።

"የባሕር ወንበዴስ?"

ጥቁር።

"የሌሊት ወፍ?"



ጥቁር።

"እህቴ፣ ቆይ ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?" አላት ሰልችቶት።

መልሱ የመጣላት ታክሲ ውስጥ ነው፣ ወራጅ ማለቱን ረስታ ሰፈሯን አለፈች።

፯

አልጋዋ ሥር ባለው ሻንጣ ውስጥ ብርቱካንማ ቀሚስ አለ። ጨርቁን የመረጠው ልዑልሰገድ ነው፣ "በሩቅ እንድለይሽ" ብሎ። ናፍታሌን ናፍታሌን ይሸታል። ወገቡ ጠቧታል፤ ሐዘንተኛን ሰው ሁሉ ብዪ እንጂ አትብዪ አይላት።

"ለቅዳሜ ብቻ ነው" አለች ለራሷ። "ጨዋታ ነው። አወለቀች የሚለኝ የለም።"

መስታወቱ ፊት ቆመች። ደስ አላት። ደስ ስላላትም ወዲያው አፈረች።

በሩ ተከፈተ። እማማ አሰገደች የሚኖሩት እዚያው ግቢ ነው፤ አንኳኩተው አያውቁም።

፰

እማማ አሰገደች፦ ይኼ ምንድን ነው?

ትርሲት፦ የመሥሪያ ቤት ጨዋታ ነው፣ እማማ። ለአንድ ቀን ሰው ያልሆነውን ይለብሳል።

እማማ አሰገደች፦ አንቺ ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?

ትርሲት፦ የድሮዋን ትርሲትን።

(እማማ አሰገደች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።)

እማማ አሰገደች፦ በሙት ዓመቱ ነጭ ቀሚስ በፌስታል ይዤልሽ ነበር።

ትርሲት፦ ምን አሉኝ?

እማማ አሰገደች፦ ላስወልቅሽ ነዋ! "እስክሞት ነው" ስትዪ ሰማሁና ፌስታሉን ከወንበሬ ሥር ደበቅሁት። ሚስት እንዲያ እያለች እናት ምን አፍ አላት?

ትርሲት፦ እርስዎ አጠገቤ ስለነበሩ እኮ ነው ያልኩት!

እማማ አሰገደች፦ እኔስ ለማን ብዬ የምለብሰው መሰለሽ? አንቺ ሳታወልቂ ባወልቅ "እናትየው ረሳችው" እባላለሁ ብዬ ነው። ፀሐይ ላይ እኮ ፈጀኝ፣ ልጄ።

ትርሲት፦ እኔንም!

እማማ አሰገደች፦ ወይ ጉድ! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

፱

ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ያን ቤት ቢያዩት ኖሮ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ ግን ሁለቱም ያውቁታል፤ እማማ አሰገደች ናቸው። ልጃቸው የመረጠውን ጨርቅ በእጃቸው እየዳሰሱ "በሩቅ ይለያል፣ እውነቱን ነው" አሉ።

ከዚያ የጥቁር ነጠላቸውን ጫፍ ለትርሲት ዘረጉላት።

"ያዢው። ራሴ አላወልቅም፤ ደንብ ደንብ ነው። አንቺ ነሽ የምታስወልቂኝ።"

ያዘችው።

"ደግሞ ቅዳሜ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ለአዋቂ የሚሆን ልብስ ካለ፣ ለእኔም ፈልጊልኝ።"

፲

ቅዳሜ። ፌቨን በር ላይ ተቀምጣ የገባውን ሁሉ ትጽፋለች።

ሚልክያስ ............ ንጉሥ

ሾፌሩ ............ ንጉሥ

አለቅየዋ ............ ጠንቋይ

ቀጥሎ አንዲት ብርቱካንማ የለበሰች ሴት ከሩቅ ታየች። ከጎኗ ትከሻው የሰፋቸው ነጭ ቀሚስ የለበሱ እናት አሉ፤ ቀሚሱ ላይ የፌስታል እጥፋቱ ገና አልጠፋም። ሚልክያስ ዘውዱን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ ሳያውቅ።

"ምን ሆናችሁ ልበል?" አለች ፌቨን።

ሁለቱ ተያይተው ሳቁ፤ ፌቨንም ስማቸውን ብቻ ጻፈች።

ትርሲት ............

ወይዘሮ አሰገደች ............