ወዲህ ማዶ የመጣልኝ ሥራ

ያን ጊዜ ጠዋት የምነሣው ለሱብሂ ሶላት ነበር። ከሰገድኩ በኋላ የዝንጅብል ሻዬን እጥዳለሁ፣ ከትናንት የተረፈውን የርግብ አተር ከነኮኮናት ወተቱ አሞቃለሁ፣ ቆሜ እበላለሁ፣ ሳህኔን አጥቤ እደፋለሁ። ጥቁር አባያዬን ደርቤ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። በዚያ ሰዓት ከእኛ ሰፈር ወደ ባሕሩ የማይወርድ ሰው ያለ አይመስልም። ሥራው ሁሉ ያለው በደሴቲቱ፣ በሞምባሳ ነው፤ እኛ የምናድረው ወዲህ ማዶ ነው። በመጠለያው ውስጥ ተጠጋግተን ማሻገሪያውን መርከብ እንጠብቃለን። መኪኖቹ ገብተው ሲያበቁ የሽቦው በር ይከፈትና ሰው ይሮጣል። እኔ አልሮጥም ነበር።

በቀኝ በኩል፣ መደገፊያው ብረት አጠገብ የምንቆመው ሁልጊዜ እኛው ነን። መጁማ የተጠበሰ ድንቿን በባልዲ ይዛ፣ ላዩን በካንጋ ጨርቅ ሸፍና ትመጣለች፤ የምትሸጠው ከወደቡ በር ፊት ለፊት ነው። ሽማግሌ ስለሆነ ምዜ የምንለው ኛዋ በገበያው ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ሰባን አልፏል፣ ምላሱ ግን ገና ጎረምሳ ነው። የሌሎቹን ስም እንኳ በደንብ አላውቅም። ወሬያችን ከመርከቡ ጋር ተነሥቶ ከመርከቡ ጋር ይቆማል፤ የዓሣ ዋጋ፣ የኳስ ጨዋታ፣ ኛዋ ትናንት ልብሱ ጠበበኝ ብሎ ከመጣ ወፍራም ነጋዴ ጋር የተባባለው። ስለ ቤት ማንም ማንንም አይጠይቅም። ደሴቲቱ ላይ ስንደርስ ሁሉም በየአቅጣጫው ይበተናል።

እኔ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ በእግሬ እሄዳለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ከቧንቧና ከጉድጓድ የሚመጣውን ውሃ ጨው እለካለሁ፣ ጀርም ያለበትን ከሌለበት እለያለሁ። ሥራዬን አልጠላውም፤ በደንብም እሠራዋለሁ። ቢሆንም ከቀኑ ውስጥ የእኔ የምለው ያን መሻገር ነበር።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ብዋና ሻምቴ አስጠራኝ። መሥሪያ ቤቱ ወዲህ ማዶ አነስ ያለ ላቦራቶሪ ሊከፍት ነው፣ ቤቱ ከእኔ ቤት ብዙ አይርቅም፣ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ደመወዝም ይጨመራል። የነገረኝ እሱ ራሱ ደስ ብሎት ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ብዙ የለፋ ሰው እረፍት ሲያገኝ ማየት ይወዳል። አመሰገንኩት። በመሥሪያ ቤቱ ያሉት ሴቶች አቀፉኝ። ባሕር ሳይሻገሩ ሥራ መግባት ለእኛ ሰፈር ሰው ሎተሪ ነው።

በማግስቱ ለእነ ኛዋ ስነግራቸው፣ ከእንግዲህ ፀሐይ እግሬን እስክታቃጥለኝ እንደምተኛ፣ በዓመቱም ከመወፈሬ የተነሣ በሩ እንደማያስገባኝ ኛዋ ተነበየ። ልብሴን የሚያሰፋው ሌላ ሰው እንዳይሆን አደራ አለ። መጁማ ድንች በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ያ የስንብቴ ግብዣ ነበር።

አዲሱ ቦታ እንዳሉት ጥሩ ነበር። ጠረጴዛው አዲስ፣ ማቀዝቀዣው አዲስ፣ ቁልፉ በእኔ እጅ። ጠዋት የምነሣው ግን በድሮው ሰዓት ነው። ሻዩ ይጠጣል፣ ሳህኑ ይታጠባል፣ ገና ጨለማ ነው። ከዘበኛው ቀድሜ እደርስና ብልቃጦቹን ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው አዛውራለሁ። ዘበኛው አንድ ቀን የጠፋ ነገር ካለ በግልጽ እንድነግረው ለመነኝ። የጠፋ ነገር እንደሌለ ነገርኩት፤ ያመነኝ አይመስለኝም።

ማታ ማታው ይብሳል። ከሥራ የምወጣው ፀሐይ ገና ሳትገባ ነው። በሩን ስከፍት ሳሎኑ ውስጥ ብርሃን አለ። በሥራ ቀን ቤቴን በዚያ ብርሃን አይቼው አላውቅም ነበር። ወንበሮቹን አዟዟርኩ። መጋረጃ ለወጥኩ፤ ቀለሙ ክፍሉን ሲያጠብብብኝ መልሼ አወረድኩት። አንድ ቅዳሜ መጻሕፍቱን ሁሉ አውርጄ በመጠናቸው ደረደርኳቸው። ከዚያ የኔንና የባለቤቴን ለየሁ። ከዚያ መልሼ ደባለቅኳቸው። የባለቤቴ እህት ልትጠይቀኝ መጥታ ቤቱ ማማሩን አደነቀችና፣ «እንግዲህ አሁን አረፍሽ» አለችኝ። አዎ አልኳት። ስትሄድ እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት፤ ከአስፋልቱም አልፌ ሸኘኋት። በመጨረሻ ራሷ መለሰችኝ።

ደግመን ማረጋገጥ የምንፈልጋቸው ናሙናዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ደሴቲቱ ይላካሉ። ሾፌሩ ዋፉላ ነው የሚወስዳቸው። አንድ ረፋድ ላይ ሣጥኑን እኔው ልያዘው አልኩት፤ ለዋናው ላቦራቶሪ የምነግረው ነገር አለ ብዬ። በሚቀጥለውም ጊዜ የምነግረው ነገር ነበረኝ። በሦስተኛው ዋፉላ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆመ።

«ቢ ኮምቦ፣» አለኝ ስሜን በአክብሮት ጠርቶ፣ «አንድ ሣጥን ብልቃጥ ለማድረስ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ከሄደ፣ እኔን ነገ ምን ሊያደርጉኝ ነው? ቁጭ ብዬ ጨው ልለካ?»

ሳቅሁ፣ ሣጥኑን ግን አልሰጠሁትም። መርከቡ በዚያ ሰዓት ግማሹ ባዶ ነው። እነ መጁማ ገና ሲነጋ ተሻግረዋል። ብረቱን ይዤ ቆሜ እሻገራለሁ፣ ሣጥኑን አስረክባለሁ፣ እመለሳለሁ። የምፈልገው እሱ እንዳልሆነ ባውቅም መቅረት አልቻልኩም።

ወሬው ብዋና ሻምቴ ዘንድ ደረሰ። ደውሎ በትሕትና፣ አዲሱ ቦታ ካልተስማማኝ የድሮው ወንበሬ ላይ ገና ሰው እንዳልተቀመጠ ነገረኝ። ከተመለስኩ ኃላፊነቱን በዋናው ላቦራቶሪ ላለው ባልደረባችን ለሳሊም ይሰጠዋል። ሳሊም ግን ልጅ አይደለም፣ በተስፋ ሊቆይ አይገባውም። ሰኞ ጠዋት ቁርጡን ልንገረው። አንዱን ከመረጥኩ በኋላ ሌላው እንደማይኖር ሳይሸሽግ ነገረኝ።

እሑድን ስንጎራደድ ዋልኩ። ሰኞ ሲነጋ መልሴን ይዤ ነበር፤ ወንበሬን መልሱልኝ ልል ነው። ቁልፉም፣ አዲሱ ማቀዝቀዣም፣ የተጨመረውም ገንዘብ ይቅር። ቁልቁለቱን ወረድኩ። የሽቦው በር ሲከፈት ከሰው ጋር ሮጥኩ።

እነሱ በቦታቸው ነበሩ። ኛዋ ከሩቅ አየኝና የስፌት ልብስ የያዘበትን ከረጢት ወደ ላይ አነሣ።

«መንገድ ልቀቁ፣ ሹሟ መጣች» አለ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ጎረምሳ በከረጢቱ ነካ አድርጎ፣ «ተነሥ አንተ፣ እንግዳ ቆሞ አይሻገርም» አለው።

መቆም እንደምፈልግ ነገርኩት።

«እንግዳ ሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ዶማ ስጡት ይላሉ። ከነገ ወዲያ ነይና ዶማሽን ትቀበያለሽ። ዛሬ ግን ቁጭ በይ።»

ሰዉ ሳቀ። ጎረምሳው ተነሥቶልኝ ነበርና ተቀመጥኩ። ከተቀመጥኩበት መደገፊያው ብረት ፊት ለፊት ይታየኛል። ከመጁማ አጠገብ የሆስፒታል ልብስ አጣቢዎችን መለያ የለበሰች ወጣት ቆማለች፤ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ኛዋ በሚለው ትስቃለች።

እዚያ ቦታ ድሮ የምንቆመው ሁለት ሆነን ነበር። ባለቤቴ በባሕሩ በኩል፣ እኔ ከእሱ ቀጥሎ። የሐዘን ጊዜዬን ጨርሼ ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት፣ ሰው ከሰው ጋር ተጣብቆ እጁን ማንሣት በማይችልበት በዚያ መርከብ ላይ፣ ከጎኔ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ክፍት ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ። አንዳንዴ መንገደኛ ሊገባበት ሲል ኛዋ ወሬውን ሳያቋርጥ በክርኑ ይመልሰዋል። እኔም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ የሚዘጋ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ልጅቱ ቆማበታለች። ደስ የምትል ልጅ ናት።

መጁማ ባልዲዋን ይዛ መጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችና ከጎኔ ተጣብቃ ተቀመጠች። ዛሬ በምን ምክንያት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። የድሮ ወንበሬን ልጠይቅ እንደሆነ ነገርኳት።

«ምን አደረጉሽ? ሰደቡሽ?»

«ማንም አልሰደበኝም።»

«ደመወዝ ቀነሱ?»

«ጨመሩ።»

«ታዲያ ምን ነክቶሽ ነው?»

«መሻገሩ ናፈቀኝ» አልኳት። ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነበር።

መጁማ ባልዲው እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቀች። «ምዜ፣ ይስሙልኝ፣ ይሄ ብረት ናፈቃት» አለችው።

«ጉልበቴን ትውሰደው፣» አለ ኛዋ፣ «ምናልባት እሱም ናፍቋት እንደሆነ።»

ሳቁ ሲበርድ መጁማ የካንጋዋን ጫፍ አውጥታ ላቧን ጠረገች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የነገረችኝ።

«እህቴ፣ እኔ ይሄን ባሕር ይህን ሁሉ ዘመን የተሻገርኩት ወድጄው መሰለሽ? ወዲህ ማዶ ድንቼን የሚገዛኝ ባገኝ ነገ ፊቴን አታዪውም። እዚህ የቆምን ሁሉ ሌላ መንገድ ያጣን ነን። አንቺ ግን መንገድሽ እደጅሽ ድረስ መጥቶልሻል።»

ከዚያ ወሬ ለመቀየር ያህል፣ ለመሆኑ የተሾምኩበት ቤት ምን እንደሚሠራበት ጠየቀችኝ። ገርሞኝ አየኋት። ለካ እስካሁን እኔን የምታውቀኝ የውሃ ሂሳብ ሰብሳቢ አድርጋ ነበር። የምንሠራው ውሃ መመርመር እንደሆነ ነገርኳት።

«የቧንቧውን?»

«የጉድጓዱንም።»

ባልዲዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ነገረችኝ። ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ አለ። ካለፈው ዝናብ ወዲህ የልጇ ልጆች ሆዳቸውን ይታመማሉ፤ አንዱ ሲድን ሌላው ይጀምረዋል። ማንጎው ነው ብለው ማንጎ ከልክለዋቸዋል። አሁን የማንጎው ወራት አልፎም ሕመሙ አልተዋቸውም።

«ይህን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን ቆመን አንድ ቀን አልነገርሽኝም» አልኳት።

«አንቺ መቼ የሚናገሩሽ ሰው ነሽ?» አለችኝ። ልትጎዳኝ ብላ አልነበረም። ቀጥላም፣ «ሰላምታሽን ትሰጪናለሽ፣ ባሕሩን ታያለሽ። እኛም እንተውሻለን» አለች።

መርከቡ ከደሴቲቱ ተጠጋ። የብረቱ መውረጃ ወለሉን ሲመታ ሰው ሁሉ እንደለመደው ተነሣ። መጁማ ባልዲዋን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች፤ ኛዋ ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ልጅቱ የሥራ ሰዓት ደርሶባት በሩጫ ወረደች። ማንም ወደ ኋላ አላየም፤ ድሮም አንተያይም። እኔ አግዳሚው አጠገብ ቆምኩ። የሻምቴ ቢሮ ከዳገቱ በላይ ነው፤ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። ሰዉ ወርዶ አለቀ። ገመድ የሚጎትተው ሠራተኛ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ወራጅ ነሽ፣ ተመላሽ?» አለኝ።

ጥያቄውን ሊደግመው ሲል፣ «ተመላሽ» አልኩት።

በጠዋት ከደሴቲቱ ወደ እኛ ማዶ የሚሻገር ሰው ጥቂት ነው። መርከቡ ላይ የፈለጉበት መቆም ይቻላል። መካከሉ ላይ ቆምኩና ለብዋና ሻምቴ ደወልኩ። በአዲሱ ቦታ እንደምቆይ ነገርኩት፤ ለሳሊም ይቅርታዬን እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። ስለ ምርጫዬ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለኝ። ይህ ለሹመት የሚባል ቃል አይደለም፤ ግን ተቀበልኩት። ሣጥን ማድረሱንም ለዋፉላ መለስኩለት።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ቤት መዋል አቅቶኝ ላቦራቶሪ በገባሁበት፣ መጁማ በዘይት ጀሪካን የጉድጓዷን ውሃ ይዛ በሩ ድረስ መጣች። በዚያ ዕቃ እንደማይሆን ስነግራት ተቆጣች፤ ይህን ያህል መንገድ ተሸክማው ነበር። ተቀቅሎ ከጀርም የጸዳ ብልቃጥ ይዤ አብሬያት ሄድኩ። ጉድጓዱ ከመጸዳጃው በቅርብ ርቀት የተቆፈረ ነው። ውጤቱ ሳይመረመርም የሚታወቅ ዓይነት ነበር፣ ቢሆንም መረመርኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ክሎሪን ጨመርን። አፉን በሲሚንቶ ከፍ አስደረግን። የሚጠጡትን እንዲያፈሉ ነገርኳቸው፤ የመጁማ አማች በማገዶ ዋጋ ተከራከረኝ፣ ከዚያ አፈላ። ውሃው እስኪጠራ ተመላልሼ ናሙና ወሰድኩ። መጁማ አላመሰገነችኝም፤ ለመንደሩ ሴቶች ሁሉ ግን ነገረቻቸው። አሁን ከየቦታው ብልቃጥ ለመቀበል ይመጣሉ፣ በስሜ ሳይሆን የውሃ ጠንቋይዋ ብለው ነው የሚጠሩኝ። የጉድጓዳቸውን ጉድ እንዳወጣሁባቸው ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ይሳለቁብኛል፤ ከዚያ ውጤታቸውን አጥብቀው ይጠይቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው በእግሬ እሄዳለሁ። ዘበኛው ጥላ እንድይዝ ይነግረኛል። ቤት የምገባው ሲመሽ ነው፤ መብራት አበራለሁ። በዚህ ሕይወት ተደስተሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። መጁማ አንድ ቀን ልትጠይቀኝ ትችላለች፤ ምን እንደምመልስላት ገና አላሰብኩም።

ሥራዬ ጥሩ ነው፣ ከቤቴም ቅርብ ነው። በመካከላቸው ግን ባሕር የለም።