ጃርት የበላው የመዳብ ሣጥን

የእኛ ኮረብታ አምስት ጊዜ ተገኝቷል። ያገኘው ሁሉ ራሱ የቀበረው ይመስል ደስ ይለዋል። እኛ በበረዷማው ሰሜን በኮቡክ ወንዝ ዳር የምንኖረው ግን ድንጋዩ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ከአያቶቻችን ጀምሮ እናውቃለን። መዳብ ነው። ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ስለሌለ አግኚዎቹ ይሰረስራሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ።

አምስተኛዎቹ በመጡበት በጋ የሰፈራቸው ወጥ ሠሪ ነበርኩ። አጎቴ ዋይማን ደግሞ በሰባ ሁለት ዓመቱ የድብ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ መቀመጥ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ድብ ዝር አላለም።

"ኔሊ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው" ይለኛል።

አለቃችን ብሬንት የሚባል የድንጋይ ባለሙያ ነበር። መሰርሰሪያው ከመሬት ሆድ የሚያወጣውን በትር የመሰለ ድንጋይ በእንጨት ሣጥን በተራ ይደረድራል፤ ጥልቀቱንም በትንንሽ እንጨት ላይ እየጻፈ መሀል መሀሉ ላይ ይሰካል። ሐሙስ ባለሀብቶች በሄሊኮፕተር ሊመጡ ስለነበር ምርጦቹን አሥራ አንድ ሣጥኖች ደጅ ላይ አሰልፏቸው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ገንፎ ሳማስል የብሬንትን ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ጃርት የሣጥኖቹን እንጨት ሙጫው ጣፍጦት ግማሹን ግጦታል። ድንጋዩ ተዘርግፏል፤ ቁጥር የተጻፈባቸው እንጨቶች ፍርፋሪ ሆነዋል።

"ዋይማን፣ አላዩትም?"

"አየሁት እንጂ። ወፍራም ነው።"

"ታዲያ ለምን አላባረሩትም?"

"የተቀጠርኩት ለድብ ነዋ። ወረቀቱ ላይ ጃርት የሚል የለም፤ የጻፍከው ደግሞ አንተው ነህ።"

ብሬንት መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ዛሬ ፎቶ ላነሳቸው ነበር" አለ። "ተራው ከጠፋ ይሄ ሁሉ ጠጠር ነው።" ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አጎቴ፣ ደስ አለህ?" አልኩት። "የሰው ልጅ እኮ ነው።"

አጎቴ ጠመንጃውን አስቀመጠና ጉልበቱን እያንቋቋ ተነሣ። አንዱን ድንጋይ አገላብጦ አየው። "ስድስት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሌላ ምን የማየው ነገር ነበረኝ? ይሄ የወንድሜን ሚስት አፍንጫ የሚመስለው ሦስተኛው ሣጥን መጀመሪያ ላይ ነበር።"

ብሬንት የጥቂቶቹን ድንጋዮች መልክ የጻፈበትን ማስታወሻ ደብተር ገለጠ። ልክ ነበር። ቀጣዩም ልክ ሆነ። ሁለቱ ተንበርክከው እስከ ራት ሰዓት ሲለቅሙ ዋሉ። በዚያ መሀል እኔ የአጎቴን ትንሿን ጠመንጃ ይዤ ከሰፈሩ ጀርባ ወዳለው ጥድ ሄድኩ። የእኛ አገር ጃርት ዛፍ ይወጣል፤ ጥፋተኛው እላዩ ላይ ተኝቶ ነበር።

ሐሙስ ባለሀብቶቹ ድንጋዩን አዩ፣ ነካኩ፣ ተደነቁ፣ ከዚያም ለምሳ ተቀመጡ። አንዱ ሾርባውን ሁለቴ አስጨመረ።

"የምን ሥጋ ነው?" አለ።

"እዚሁ ሣጥን ክፍል የሚሠራ ነበር" አለ አጎቴ። ሰውየው ሳቀ። ብሬንት ግን ማንኪያውን አስቀመጠ።

ከመሀላቸው አንዲት ሴትዮ "እናንተስ ማዕድኑ እንዲወጣ ትፈልጋላችሁ?" ብላ አጎቴን ጠየቀችው። ቀልዱን ተወ።

"የልጅ ልጆቼ ሥራ ይፈልጋሉ፤ ለሥራ ብለው ከተማ ሄደው የቀሩብኝ አሉ። ካሪቡዎቹ፣ የዱር አጋዘኖቻችን፣ ደግሞ በየመከሩ በዚህ ሸለቆ ነው የሚያልፉት፤ ያሳደጉን እነሱ ናቸው። የቱን እንደምመርጥ አላውቅም። አውቃለሁ የሚላችሁን ሰው ግን አትመኑት።"

ይህን ብሎ ወደ ሾርባው ተመለሰ።

በመከር የመዳብ ዋጋ ወረደና ሰፈሩ ተነቀለ። በክረምቱ ከብሬንት ደብዳቤ መጣ። ሪፖርቱ ተወድሶለታል፤ በተለይ መዳቡ ወደ ታች እየበዛ መሄዱን የሚያሳዩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሣጥኖች። ለአጎቴ አነበብኩለት። የዓሣ ቅርፊት መፋቁን ሳያቋርጥ አዳመጠኝ።

"እነዚያን ስደረድር ደክሞኝ ነበር" አለ። "የሚያብለጨልጩትን መጨረሻ ላይ አደረግኳቸው።"

"አጎቴ!"

"ጻፊለት በቃ። ዋሸ እንዳይባል።"

ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር። "ጠርጥሬም ነበር፤ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ሪፖርቱን አርሜዋለሁ። ለአጎትሽ ግን መታረሙን አትንገሪው፤ አደራደሩ በጣም አምሮ ነበር" ይላል።