ማሳውን ያቃጠለው ሰው

ቂጭ… ፍስስ። ቂጭ… ፍስስ።

ድምፁ የሚመጣው ከቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። «ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሁሉ የጀርባ መርጫ እጀታ ሲወርድና ሲወጣ ምን እንደሚል ያውቀዋል። አንዱ ጎረቤት አረሙን እየረጨ ነው።

«ምናለ ሦስቱን ቀን እንኳ ቢታገሥ» አለች ንብ አናቢዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አረም ለቅሶ አይደርስ፣ ምን ያድርግ» አላት ትራክተር ነጂው።

አንድ ሁለት ሰው ሳቅ ሊያመልጠው ሲል የሟች ሚስት የቡናውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ።

የሟች ታናሽ ወንድም ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ቀብሩ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሰው ሲመጣ ይነሣል፣ ሰው ሲቀመጥ ይቀመጣል፣ ሌላ ነገር አልሠራም። ወንበሮቹ ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡ ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። የእርሻ መድኃኒት የሚሸጠው ረጅሙ ሰውዬ የልጅ ወንበር ደርሶት ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። እንዲያም ሆኖ ወሬውን አላቆመም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለ ሚስትየዋ ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ ጠብቆ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ‹መርዝ ነጋዴ› ሲለኝ ኖረ። መጨረሻው ምን ሆነ? ተደብቆ ማሳውን ረጨ። እኔን ቢጠይቀኝ እኮ ‹ያንተ ዘር መድኃኒቱን አይችልም፣ አብሮ ይቃጠላል› እለው ነበር።»

«ካንተ አይደል እንዴ የገዛው?» አለች ንብ አናቢዋ።

«ከእኔማ አልገዛም። ከከተማ ያመጣው ይሆናል፣ አፍሮ።»

«እሱ? ጎንበስ?» አለች ንብ አናቢዋ፣ ራሷን እየነቀነቀች። «አበባ ላይ ንቦቼ አሉ ብሎ መኮትኮቻውን እንኳ ቀስ አድርጎ የሚያሳርፍ ሰው ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ታናሽየው የቡና ሲኒውን በሁለት እጁ ያዘ። ትኩስነቱ መዳፉን ፈጀው፤ ግን አላስቀመጠውም።

ሰው ሁሉ ታላቅ ወንድሙን የሚጠራው «ጎንበስ» እያለ ነው። ከቡቃያ እስከ አጨዳ ቀና ብሎ ያየው ሰው የለም። ከአንዱ ትልም ወደ ሌላው ጀርባው ብቻ እየታየ ይሄዳል፤ የሚያልፈው ሰው ሰላም የሚለው ጀርባውን ነው፣ ጀርባውም ይመልሳል። ሬሳው ሲወርድ ትራክተር ነጂው «ዛሬ ገና ወገቡ ቀና» ብሎ፣ የገዛ ቀልዱን ሳይጨርስ አለቀሰ።

ታናሽየው ሌላ ዓይነት ገበሬ ነው። አዲሱ ዘር የመጣ ዓመት ቀድመው ከገዙት አንዱ እሱ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ተፈጥሮው የተለወጠ በቆሎ ነው፤ ፀረ አረሙን ከላዩ ብትረጭበት ሌላው ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ ይቆማል። የሁለቱን ማሳ የሚለየው አንዲት የእግር መንገድ ስለሆነች ክርክሩ ከዚያ ወዲህና ወዲያ ሆነው የሚወራወሩት ነበር።

«ዘንድሮም ልትገዛ፣ ከርሞም ልትገዛ» ይላል ታላቁ፣ ቀና ሳይል። «ዘሩ ያንተ አይደለም። አንተ ነህ የዘሩ።»

«ወገቤ ግን የእኔ ነው፣ ጋሽዬ። ያንተ ወገብ የማን እንደሆነ እንጃ።»

«ያ እሾሃም አረም ዘንድሮ ሁለቴ ጠጥቶም አልሞተም አሉ። ለመደው መሰለኝ።»

«ያንተስ? በየዓመቱ ትነቅለዋለህ፣ በየዓመቱ ይበቅላል። እሱም አንተን ለምዶሃል።»

ታናሽየው የሚረታው ሴት ልጁን ሲያነሣ ነበር። ልጅቱ በአረም ወራት አንድም ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታ አታውቅም፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ግን በልጅነታቸው የዓመቱን ግማሽ ያሳለፉት ትልም ውስጥ ነው። ይህን ሲሰማ ታላቁ ዝም ይላል። ታላቁ የሚረታው ደግሞ አባታቸው ያስረከቡትን ዘር በመዳፉ ይዞ ሲመጣ ነው፤ በነጩ መሐል አልፎ አልፎ ሐምራዊ ፍሬ ጣል ጣል ያለበት ነው። አባታቸው በመጨረሻው ዓመታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ እንኳ በጣታቸው ይለቅሙት ነበር። ያን ጊዜ ዝም የሚለው ታናሽየው ነው። እንዲህ ተራ በተራ ዝም እየተባባሉ ዕድሜያቸውን ገፉ፤ አንድም ቀን ግን ተቀያይመው አላደሩም።

ባለፈው የአረም ወራት ታላቁ ልቡን ታመመና ሆስፒታል ገባ። ሚስቱም አብራው ሄደች፤ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። በሄዱ በማግስቱ ታናሽየው የወንድሙን ማሳ ሊያይ ወጣ። በቆሎው ጉልበት ደርሷል፤ አረሙ ግን ሊውጠው ነው። ከማሳው ዳር፣ ድንጋይ የተጫነበት ባዶ ከረጢት አየ። ቀይ የበቆሎ ሥዕል የታተመበት ነው። የአዲሱ ዘር ከረጢት።

«አይ ጋሽዬ» አለ ብቻውን እየሳቀ። በመጨረሻ እንደ ሰው ዘራ ማለት ነው። ሃያ ዓመት የተከራከረው ሰው እንዴት አፍ አውጥቶ ይናገር፤ አፍሮ ነው። ታናሽየው ሆዱ ባባ። ሁለቱን ዘር በቅጠሉ አይቶ የሚለይ ገበሬ የለም፤ እሱም ሊለይ አልሞከረም።

ነፋስ የሌለበትን ጠዋት መረጠ። ለራሱ ማሳ ያላደረገውን ጥንቃቄ አደረገ፤ ውኃውን አጣርቶ ቀዳ፣ መድኃኒቱን በልኩ ለካ፣ ጥጋጥጉን ሳይቀር ትልም በትልም ረጨ። ወንድሙ ሲመለስ ንጹሕ ማሳ ይጠብቀዋል። ለአንድ ዓመት እንኳ ቀና ብሎ ይከርማል። ይህን እያሰበ ሲረጭ ያፏጭ እንደነበረ አሁን ትዝ ይለዋል፤ ከሁሉም የሚያመው ያ ፉጨት ነው።

በዘጠነኛው ቀን ማሳው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር። አረሙም፣ በቆሎውም።

ታላቁ በከዘራ ተደግፎ መንገዷ ላይ ቆመ። ብዙ አየ።

«አንተ ነህ?»

«ከረጢቱን አይቼ… አዲሱን የዘራህ መስሎኝ…»

«ጆንያዬን አይጥ ቦጫጭቆት፣ ያንተን ባዶ ከረጢት ከአጥርህ ላይ አውርጄ ወሰድኩ። ወፍራም ነው ብዬ።» ከዚያም ሳቀ። ደረቱን እስኪይዝ ድረስ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ፣ «አይጡ ያተረፈልኝ የአባታችን ዘር ያ የዘራሁት ብቻ ነበር» አለ።

በዚያው ቅጽበት ትራክተር ነጂው በመንገዱ መጣ። «ምን ነካው ይህ ማሳ?»

«እኔ ነኝ» አለ ታላቁ ዞር ሳይል። «ከመሄዴ በፊት ረጨሁት። ምን ታደርገዋለህ፣ ሲያረጁ መሞኘት አለ።»

ታናሽየው አፉን ሲከፍት ወንድሙ እግሩን ረገጠው። ታላቁ የተናገረው ትራክተር ነጂው ከራቀ በኋላ ነው።

«‹ወንድሙ አቃጠለበት› ነው የሚሉት። በደግነት ነው ብትል ማን ያምንሃል? ሚስቴም አታምንህም። ይልቅ እኔ ላይ ይሳቁ፤ ሳቅ ይለመዳል።»

እውነትም ሳቁ። ታናሽየው በየቀኑ ነገ እናገራለሁ ሲል ቀኑ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። አራት ወር። ከዚያ ነገ የሚባለው አለቀ።

አሁን ባዶ ሲኒዎችን ሰብስቦ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሚስትየዋ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ ለንብ አናቢዋ ትናገራለች።

«አላለቅስለትም አላልኩም። እንባው እምቢ አለኝ እንጂ። ረጨ ብዬ አይደለም፤ ሁሉም ይረጫል። ሰው ፊት ሌላ፣ ከጀርባ ሌላ መሆኑ ነው አንጀቴን ያሳረረው። ሠላሳ ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት አልኩ። አራት ወር ሙሉ ምሳውን ሳቀርብለት ዓይኑን አላየሁትም። የሞተ ዕለት ጠዋት እንኳ ‹ውኃ ስጪኝ› ሲለኝ፣ አስቀመጥኩለትና ወጣሁ።»

«እሱስ ምን ይል ነበር?»

«ምን ይላል? ዝም።»

ታናሽየው ሲኒዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠና ተመለሰ። ከነገረ፣ ወንድሙ ከውሸታምነት ይወጣል። እሱ ግን የገዛ ወንድሙን ማሳ አቃጥሎ፣ ነውሩን ታማሚ አሸክሞ፣ መቃብር ድረስ ዝም ያለ ሰው ይሆናል። ይህን ሚዛን አራት ወር ሙሉ ሲያየው ኖሯል፤ ዛሬ ግን ሌላ ነገር ተጨመረበት፤ ያቺ ውኃ።

ሚስትየዋ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከንብ አናቢዋ ጋር ስትገባ መድኃኒት ሻጩ ገና «እኔን ቢጠይቀኝ ኖሮ» ላይ ነበር።

«ከአንተ ነው የተገዛው» አለ ታናሽየው። «እኔ ነኝ የገዛሁት። የረጨሁትም እኔ ነኝ።»

ቆሞ ነበር የተናገረው። ከረጢቱን፣ አይጡን፣ ነፋስ የሌለበትን ጠዋት፣ ሁሉንም ነገራቸው። አላሳመረውም። «በደግነት ነው» የሚለውን ግን ዘለለው።

መድኃኒት ሻጩ ከልጅ ወንበሩ ሊነሣ ሞክሮ ተወው። ትራክተር ነጂው፣ «እግርህን ሲረግጥህ አይቼ ነበር» አለ። «ምን እንደሆነ አልገባኝም እንጂ አይቻለሁ።»

ሁሉም ወደ ሚስትየዋ ዞሩ። ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል የታናሽየውን አፍ እያየች ቆማለች።

«ሆስፒታል በሄድንበት ዕለት ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጫማው በጤዛ ርሶ ነው የተመለሰው። እኔ ሲረጭ ነው ብዬ ነበር።» ማንቆርቆሪያውን አስተካክላ ያዘች። «ታዲያ ምን ሊያደርግ ነው የሄደው?»

«አላውቅም፣ እትዬ» አለ ታናሽየው። «ሊያየው ይሆናል።»

ቡና ያልደረሳቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። ለሦስቱም አንድ ጠብታ ሳታፈስ ቀዳችላቸው። አራተኛ የታናሽየውን ሲኒ ሞላች፤ ጎንበስ ስትል ፊቷን ሊያይ ሞከረ፣ አላገኘውም። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ በሰዎቹ ጉልበት መሐል አልፋ በፊት ለፊቱ በር ወጣች።

«ወዴት ነው?» አለች ንብ አናቢዋ ብድግ እያለች። ትራክተር ነጂው እጅጌዋን ያዛት።

ታናሽየው በመስኮቱ አያት። ወደ ማሳው የሚወስደውን መንገድ አለፈችው። ወደ መቃብሩ የሚወስደውንም አለፈችው፤ የያዘችው ከባሏ ጋር ሆስፒታል የሄደችበትን መንገድ ነው። በቀትር ፀሐይ ራሷን ሳትሸፍን፣ በጣም ቀስ እያለች፣ አንድ ክንዷን አጠፍ አድርጋ ከጎኗ ትንሽ አርቃ ትሄዳለች፤ የታመመ ሰው የሚደገፍባት ይመስል።