የመጽሐፉ አውጫጭኝ

ግንቦት 18 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በንፋስ መውጫ በማስተምርበት የስምንተኛ ክፍል ውስጥ የነበረው ይህ ነው፦ ሠላሳ አንድ ተማሪዎች፣ ከእነሱ አራቱ ሴቶች፤ ዘጠኝ አግዳሚ ወንበር፤ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፤ በስተኋላ ግድግዳው ላይ አንድ ኩላብ፣ በኩላቡም ላይ የዘበኛችን የአባ ገብረ ማርያም የቆዳ ማኅደር። የዘበኛው ጎጆ ስለሚያፈስ ዳዊታቸውን የሚያኖሩት እዚያ ነበር። በጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ። ሌላ ቅጂ አልነበረንም።

መጽሐፉን ተማሪዎቹ ተራ ገብተው በእጃቸው ይገለብጡታል። የዚያን ቀን ተራው የተሻገር ነበር። ተሻገር የሃያ ዓመት ወጣት ነው። በቤተ ልሔም ደብር የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ ሲማር ቆይቶ ለዚህ ትምህርት ሲል አቋርጦ የመጣ፣ በዚህም ምክንያት አባቱ አራት ዓመት ሙሉ ያኮረፉት ነው። እኔን "መምህር" ሊል ፈልጎ "የኔታ" ያመልጠዋል።

የሚገለብጠው ምዕራፍ እንግሊዞች የሰው ስም ሳይጠሩ ስለ ሰው የሚናገሩባቸውን ቃላት የያዘ ነበር። ሰምባዲ ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ሰው ነው። ኤኒባዲ በጥያቄ ጊዜ ማንኛውም ሰው ነው። ኤቭሪባዲ አንድም ሳይቀር ሁሉም ነው። ያስቸገረን ኖባዲ ነበር። እኛ "ማንም አልመጣም" እንላለን፤ እነሱ ግን ኖባዲ ራሱ ዐረፍተ ነገሩን ስለሚያፈርሰው ግሱን አይነኩትም። ተማሪዎቼ ሁለቱንም ያፈርሱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ የለም።

ወንበሮቹን ገለበጥን፤ የተሻገርን የኪራይ ቤትም ፈተሽን። ዳይሬክተራችን አቶ ሞላ ክፍል ገብተው ጠየቁ፦

"በመጨረሻ የያዘው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ተሻገር። "ጠረጴዛው ላይ እንደተገለጠ ትቼው ወጣሁ።"

"ነገ እስኪመሽ ካልተገኘ ስምህን ከፈተናው ዝርዝር እሰርዛለሁ።"

ብሔራዊው ፈተና ሰኔ 12 ይጀመራል። የተሻገር ጆሮ ቀላ።

ማክሰኞ ጠዋት አቶ ሞላ ተማሪዎቹን ሁሉ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር አስቀመጧቸውና እንደ አገሩ ደንብ አውጫጭኝ መሆኑን አስታወቁ። ሌባው ማን እንደሆነ ሲጠፋ አገሬው በሙሉ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ እስኪናገር የሚበላም የሚሄድም የለም። አባ ገብረ ማርያምንም ከነዱላቸው በር ላይ አቆሟቸው።

"የመንግሥት ንብረት ጠፍቷል፣ አባ። ማንም እንዳይወጣ!"

"ወፍም አትወጣ" አሉ አባ።

እኔ ቀኑ በከንቱ እንዳይባክን ብዬ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ፈተናው ስለደረሰ ሁሉም ቃሉን በእንግሊዝኛ ይስጥ። አቶ ሞላ እንግሊዝኛ ባይሆንላቸውም ሲነገር መስማት ይወዳሉ፤ ወዲያው ተስማሙ። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ተማሪ ተነሥቶ "አይ ሶው ኖባዲ" አለ። ማንንም አላየሁም ማለቱ ነው። ሁለተኛውም ይህንኑ ደገመ፤ ሦስተኛውም። አሥራ ሰባት ተማሪዎች ማንንም አላዩም። አሥራ ስምንተኛው ተሻገር ነበር። መሐላ እንደሚፈጽም ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ኖባዲ ዲድ ኖት ቴክ ዘ ቡክ!"

"ምን አለ?" አሉ አቶ ሞላ።

"ማንም አልወሰደውም ለማለት ነው። እንዳለው ከተረጎምነው ግን ያልወሰደው የለም ያሰኛል።"

"ታዲያ ሁሉንም ከሰሰ?"

ሳቁ ጽዱን አናወጠው። ከሴቶቹ አንዷ ውብነሽ፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ፣ "አንተ ደብተራ፣ እኛን ሁሉ ሌባ ልታደርገን ነው?" አለችው።

"ማንም አልወሰደውም ነው የምለው፣ የኔታ" አለኝ በአማርኛ። "እንዳልወሰድኩ እኔ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ወሰደ ብዬም አልምልም፤ አላየሁማ።"

ሰባት ሰዓት ሆነ። የሁሉም ሆድ መጮህ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ይኸ እኮ በዓለ ሃምሳ ነው" አለች ውብነሽ ለአቶ ሞላ። "ጾም አይፈቀድም። ደብተራውን ይጠይቁት።"

"እውነቷን ነው" አለ ተሻገር ሳይወድ።

"ጾም አይደለም፤ አውጫጭኝ ነው!" አሉ አቶ ሞላ፤ የእሳቸውም ሆድ ይሰማ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሠላሳ አንደኛዋ ውብነሽ ሆነች። ማንንም አላየሁም አላለችም። ዙሪያዋን አየችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

"ኤቭሪባዲ ኢዝ ሂር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አዎ፣ ሁሉም እዚህ ነው።"

"ኤቭሪባዲ አንድም ሳይቀር ነው ብለውን ነበር፣ መምህር።"

"ነው እንጂ።"

"በሩ ላይ ያሉትን ማን ጠየቃቸው?"

ሠላሳ አንድ ራስ ወደ በሩ ዞረ። ነገርን በልክ ማየት እወዳለሁ ብዬ የማስብ ሰው ነኝ፤ ግን ማንም እንዳይወጣ ያቆምነውን ሰው ራሱን ከቁጥር አውጥቼው ነበር።

አቶ ሞላ ጠሯቸው። "አባ፣ የጠፋውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አይተዋል?"

"መጽሐፍ መቼ ጠፋ?" አሉ አባ ገብረ ማርያም። "ማኅደሩ ውስጥ ነው።"

አባ በዱላቸው ወደ ክፍሉ አመለከቱ።

"ዓርብ ማታ ልቆልፍ ስገባ ተገልጦ አገኘሁት" አሉ። "መጽሐፍ እንደ ሥጋ ተዘርግቶ ያድራል እንዴ? የክፍሉም ጣሪያ በጠረጴዛው በኩል ያንጠባጥባል። ዳዊቴን አወጣሁና እሱን ከተትኩት።"

"ዳዊቱን ለምን አወጡት?" አሉ አቶ ሞላ።

"የማላውቀውን መጽሐፍ ከዳዊት ጋር? ዳዊቴ ይኸውላችሁ በብብቴ!"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"የመንግሥት ንብረት ጠፋ አሉኝ እንጂ መጽሐፍ ጠፋ መች አሉኝ? እኔ የትምህርት ቤቱ አካፋ መስሎኝ! ዛሬ ሁለት ጊዜ ወደ ጓሮ ሄጄ አየሁት፤ አካፋው አለ።"

"በሩን ትተው?"

አባ ዱላቸውን አዩ። ውብነሽ ግን ብድግ አለች።

"ኖባዲ ዋዝ አት ዘ ጌት!" ብላ ጮኸች። በር ላይ ማንም አልነበረም ማለቷ ነው፤ ሁለቴም አላፈረሰችውም። ቀጥላ በአማርኛ "ይህን ብናውቅ ምሳችንን በልተን በመጣን ነበር!" አለች።

ተሻገር ሮጦ ክፍል ገባ። ሲመለስ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ ማኅደሩ ስላሸገው ጠርዙ እንኳ አልረጠበም። አቶ ሞላ ፊት ቆሞ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል ተናገረ፦

"ኖባዲ ቱክ ዘ ቡክ።"

"አሁንስ ምን አለ?" አሉኝ አቶ ሞላ።

"ማንም አልወሰደውም አለ። ትክክል ነው፤ እንግሊዝኛውም ነገሩም። ከክፍሉ ወጥቶ አያውቅም።"

አቶ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስሙ ከዝርዝሩ እንደማይወጣ በሁሉም ፊት ተናገሩ። ከዚያ ምሳ ተፈቀደ፤ ከሁሉ ቀድመው የወጡት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ማታ ማታ ማኅደሩ ውስጥ ያድር ጀመር፤ ከትቶ የሚሰቅለውም ተሻገር ሆነ። ኩላቡን በሜትር ለካሁት። ከወለሉ ሁለት ሜትር ከአራት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከጠረጴዛዬ ደግሞ ስድስት እርምጃ። ሰኔ 12 ሠላሳ አንዱም ለፈተና ተቀመጡ። ሃያ ስድስቱ አለፉ፤ ተሻገር በእንግሊዝኛ ከመቶ ሰማንያ ሁለት አገኘ።