በሟች ደረት ላይ ያለው ቢላ

«ቢላውማ አብሮት ይቀበር» አለ ያሺቺ፣ የሟች ታናሽ ወንድም። «ሌላ እጅ እንዳይነካው።»

ኦኪኑ ቀና አላለችም። ባሏ፣ የሕትመት እንጨት ቀራጩ ቶመጎሮ፣ ከትናንት ጀምሮ ተጋድሟል፤ ክፉ መንፈስ እንዳይጠጋው እንደ ወጉ ደረቱ ላይ ስለት ተቀምጧል። ያሺቺ ደግሞ ቤት ሙሉ ስለት እያለ ያነሣው በእንጨቱ ላይ የሥዕሉ ሰዎች ፀጉር አንድ በአንድ የሚቀረጽበትን ቢላ ነው። የእሷን። ያለዚያ ቢላ እጇ እጅ አይደለም፤ ይህን የሚያውቀው ሬሳው ብቻ ነው።

የሥዕል አሳታሚው ካንበይ ሻዩን አስቀምጦ ከእጅጌው ወረቀት አወጣና ጉልበቷ አጠገብ ዘረጋው።

«ለቅሶ ቤት ሥራ ማንሣት ነውር ነው፤ ግን ቸገረኝ። እስቲ እዪው እቴ፣ አዲሱ ሥዕል ነው። ቆነጃጅት ተሰብስበው የሕትመት እንጨት ሲቀርጹ። ሴት ስትቀርጽ አይቶ ገበያው በሳቅ ነው የሚያልቀው። ፀጉሩን ግን ማን ይቅረጽልኝ? እንደ ቶመጎሮ ያለ እጅ በኤዶ ከተማ የለም።»

«የለም» አለች ኦኪኑ። ትኩራ ትናደድ ለራሷም አልገባትም።

ከአራት ዓመት በፊት የቶመጎሮ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ በር ዘግተው እሷ ትቀርጻለች፣ እሱ ሩዝ ይቀቅላል። ደጅ ላይ ሰው ሲያስል ተሯሩጠው ቦታ ይለዋወጣሉ።

«ዛሬም አሳረርከው?» ትለዋለች።

«አንቺ ብቻ ፀጉሩን አታበላሺ፣ ሩዙስ ይበላል።»

እንጨቱ ላይ የሚቀረጸው ስም ግን የእሱ ነበር፤ ቀራጯም እሷው። ሥራዋን ቀማት ወይስ ሥራ ሰጣት? ሬሳ አይጠየቅ ነገር። ጉዱ ደግሞ፣ አሁን የናፈቃት ያ ያረረ ሩዝ ነው።

የሬሳ ሣጥኑ መጣ።

«በይ እንግዲህ፣ ፀጉርሽን» አላት ያሺቺ። ባሏ የሞተባት ሴት ሌላ ባል አላይም ስትል ፀጉሯን ቆርጣ ከሟች ጋር ትሸኛለች። «መቀስ ላምጣልሽ?»

«ስለትማ አለ።»

ቢላውን ከደረቱ ላይ አነሣች። የእጀታው ጉድጓድ አውራ ጣቷን በልኩ ተቀበለው። ያሺቺ ሊከለክላት ቃጣውና፣ ወግ ነውና ወደ ኋላ አለ። ፀጉሯን ማጅራቷ ላይ ጨብጣ ባንድ ስበት ቆረጠችው። ካንበይ የቢላ አያያዟ የቀራጭ መሆኑን አየና ሥዕሉን ወደ እጅጌው ሊመልስ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ወረቀቱ ጉልበቷ አጠገብ እንደተዘረጋ ቀረ።

ቢላውን መቀነቷ ውስጥ ሻጠችው። የተቆረጠውን ፀጉር በቢላው ፈንታ ደረቱ ላይ አኖረችና፣ አንዲት ዘለላ እንኳ እንዳትጣመም በጣቷ ታስተካክል ጀመር።

«ሩዙን ማን ያሳርርልኝ እንግዲህ?» አለችው ቀስ ብላ።