የውሰት ወንበር

ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱን ቀበሌያችን ሊያከራይ ነው ተባለ። ኪራዩ ለድሃ ታስቦ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ተከራዩ ድሃ መሆኑ በዓይን መታየት አለበት።

እኛ የምንኖረው ጣና ዳር፣ ድሮ ማድ ቤት በነበረች አንዲት ክፍል ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው አልጋችን ሥር ይደርሳል። ልጃችን አደይን ሳል አለቅም ብሏታል፤ ሐኪሙም “ከዚህ እርጥበት አውጧት” ብሎናል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አስበን አናውቅም።

ለቤቱ አመለከትን፤ ኮሚቴውም እሑድ ኑሯችንን ሊያይ እንደሚመጣ ተነገረን።

“እንዳለን ይዩን” አልኋት ባለቤቴን የሺመቤትን።

“እንግዳ ባዶ ቤት ላስገባ? ምነው አለበል፣ ጤናም የለህ?”

“ድህነታችንን ሊያዩ እኮ ነው የሚመጡት።”

“ደጄን የረገጠ ሁሉ እንግዳ ነው።”

አጠገባችን ካለችው ከባንቺአየሁ ወንበሮቿን፣ ጠረጴዛዋን፣ ምንጣፏን፣ ሬዲዮዋን ሳይቀር ተዋሰች። ባንቺአየሁም ለዚያው ቤት አመልክታለች፤ ግን “ባለ ሬዲዮን ማን ድሃ ይላል!” ብላ እየሳቀች ነው የሰጠችን። አንዲቷን ዶሯችንንም አረድን።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አምባቸው ሁለት ሰው አስከትለው መጡ። ተቀመጡ፤ በሉ።

“ብሉ እንጂ፣ በሞቴ! ይችን ብቻ!” ትላለች የሺመቤት።

“ወንበሩ የራሳችሁ ነው?” አሉ ጓድ አምባቸው አጥንት እየጋጡ።

“የው...” ብዬ ስጀምር የሺመቤት እግሬን ረገጠችው።

“የራሳችን ነው እንጂ። እግዜር ይመስገን፣ ምን ጎደለብን!”

እጃቸውን ታጥበው፣ መርቀውን ወደ ባንቺአየሁ ተሻገሩ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

“የት ልቀመጥ?”

“መሬት ነዋ፣ ጓድ። ወንበር ዛሬ የለም።”

“ምንጣፍስ?”

“ዛሬ የለም።”



“አይዞሽ፣ እኅቴ” አሉ ጓድ አምባቸው። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ኀዘን ይሁን የእኛ በርበሬ እንጃ።

ቤቱ ለባንቺአየሁ ተሰጠ። እኛን “እናንተማ የደላችሁ ናችሁ” አሉን።

ባንቺአየሁ ዕቃዋን ስታጓጉዝ አብረን ተሸከምን። እኔ ወንበር በራሴ ላይ ይዤ እሄዳለሁ፤ የሺመቤት ከኋላዬ “ቀስ በል፣ የሰው ዕቃ ነው” ትለኛለች። ምንም አልተሰማኝም። ወንበሩ ቀላል ነበር።

አዲሱ ቤት ወለሉ ሲሚንቶ፣ ደረቅ ነው። ባንቺአየሁ ደጃፉ ላይ ዓይኗን ሰብራ ቆመች።

“የሺዬ፣ ባታዝኝብኝ... አደይ እኔ ዘንድ ትደር። ክረምቱ እስኪያልፍ እንኳ።”

የሺመቤት ቀና አለች። አፏን ከፈተች። ምን እንደምትል አውቀዋለሁ።

እግሯን ረገጥሁት።

የያዘችውን የአደይን እጅ ለቀቀች። አደይ ያመጣሁት ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች።